ፍሪጅ ጋዝ አይበላም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ጣጣ ማን ጻፈብኝ ነው ያልኩት። ፍሪጅሽ ጋራንቲው ባለቀ በሁለት ወሩ ማቀዝቀዝ አቆመ። በጋራንቲው ጊዜ ሁለቴ ጋዝ ተሞልቶለታል። አሁን ሱቁ «ጊዜው አልፏል፣ አይመለከተንም» ብሎ መለሰሽ። ምንም መብት የለኝም ወይ ነው ያልሽው። አለሽ። ግን ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀት ከሌለሽ ደግሞ ወረቀት የሚተካ ነገር መፈለግ አለብሽ። እኔ ይህን እስክረዳ ሁለት ወር ተንከራትቻለሁ፤ አንቺ እንዳትንከራተቺ በቁጥር ልጻፍልሽ።

1ኛ፦ «ጋዝ ጨርሶ ነው» ሲሉሽ እሺ ብለሽ ዝም አትበዪ።

ፍሪጅ ጋዝ አይበላም። መኪና ቤንዚን እንደሚጨርሰው አይደለም። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የሚኖር ነው። ካነሰ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ሞልቶ የሚሄድ ቴክኒሻን አልጠገነልሽም፤ የተበሳ ጎማ ነፍቶልሽ ነው የሄደው።

እኔ ይህን ማን ነግሮኝ! ፍሪጁን የገዛሁት መስከረም 2014 ነው። ጋራንቲው 1 ዓመት። ታኅሣሥ ላይ ማቀዝቀዙ ላላ። ደወልኩ፤ ልጁ መጣ፣ ጋዝ ሞላ፣ ቡና ጠጥቶ ሄደ። ሚያዝያ ላይ እንደገና። ነሐሴ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ በነፃ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲያውም ለጎረቤቶቼ «ይሄ ሱቅ ታማኝ ነው፣ ሲጠሩት ይመጣል» እያልኩ አስተዋውቄለታለሁ። አንድም ቀን «ምን እንደሠራህ ጻፍልኝና ፈርም» አላልኩም። ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ኅዳር 2015 ላይ፣ ጋራንቲው ካለቀ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል፣ የሚካኤል ዝክር ነበረብኝ። ዶሮው ታርዶ ተገንጥሎ እሑድ ማታ ፍሪዘር ገባ። ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ውኃው ወለሉ ላይ፣ ሽታው ሳሎን ድረስ። ከፍሪጁ በላይ የዶሮው ነገር ነው ያስለቀሰኝ።

ሱቁ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ መጥታችሁ ጠግናችኋል አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተሩን ነካካና «እኛ ጋ ምንም የተመዘገበ ነገር የለም» አለኝ። ቡና ያጠጣሁት ልጅስ? «እሱ ለቋል።» ቀጥሎ «ለማንኛውም መብራት ነው የበላው፣ ስታቢላይዘር ነበረሽ?» አለ። ነበረኝ። ግን በንዴት ብዛት ምላሴ ተሳሰረ። በኋላ ነው መልሱ የመጣልኝ፤ መብራት ቱቦ ይበሳል እንዴ? የመብራት መዋዠቅ ቦርድ ሊያቃጥል፣ ኮምፕሬሰር (ጋዙን የሚገፋውን ሞተር) ሊገድል ይችላል። ጋዝ አያሾልክም። አንቺንም መብራት ነው ካሉሽ ይህን ጠይቂያቸው።

2ኛ፦ ማስረጃ ፈልጊ።

ጽፎ የሰጠሽ ነገር ከሌለ ስልክሽን ፈትሺ። እኔን ያዳነኝ ቴሌብር ነው ብልሽ ታምኛለሽ? ልጁ በመጣ ቁጥር «ለትራንስፖርት» እያለ 200 ብር ይቀበለኝ ነበር፤ በነፃ ነው በተባለው ጥገና። ያኔ ተናድጄበት ነበር። ሁለቱን ጊዜ የላክሁለት በቴሌብር ነው። ስሙ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ሁሉ መልእክቱ ላይ አለ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ በቴሌግራም «እማ ጋዝ ሞልቻለሁ ለ3 ሰዓት እንዳትከፍቺው» ብሎ ጽፎልኛል። እማ ማለቱ ሳያንስ! እነዚህን አሳትሜ ነው የተከራከርኩት። አንቺም የደወልሽበትን ቀን፣ የጻፍሽውን ሁሉ ሰብስቢ። ስልክ ልቀይር ነው ካልሽ መጀመሪያ ይህን አውጪ።

3ኛ፦ ደረሰኙ። ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነቱን ካልነገርኩሽ ምን ዋጋ አለው።

ስገዛ «በሙሉ ደረሰኝ 42,000፣ በትንሽ ደረሰኝ 38,000» አሉኝ። 4,000 ብር አተረፍኩ ብዬ ሁለተኛውን መረጥኩ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው 16,000 ብር ነው። ጭቅጭቁ ሲከር ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ብሬ ይመለስልኝ ካልሽ ደረሰኝሽ ላይ ያለውን ነው የምናውቀው።» አፌን ያዝኩ። 38,000 ነው የከፈልኩት ብል ቫት ለማስቀረት የተስማማሁት እኔም ነኝ። የት ሄጄ ልክሰስ? ያቺ 4,000 ብር እጄን አሰረችኝ። አንቺ ሙሉ ደረሰኝ ካለሽ ከእኔ በብዙ ትሻያለሽ። ከሌለሽ ገንዘብ ይመለስልኝ የሚለውን ትተሽ ይጠገንልኝ በሚለው ላይ ሙጭጭ በዪ። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

ስለ ሕጉ ደግሞ። የአክስቴ ልጅ ጠበቃ ነው፤ ሁለት ነገር አስረዳኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ የሚባለው ቁጥር 813/2006 ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ ከገዛሽ በ15 ቀን ውስጥ መልሰሽ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ የማለት መብት ይሰጥሻል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የግድግዳ ጽሑፍ ይህንን አይሽርም። ለእኔና ለአንቺ ግን 15 ቀኑ ድሮ አልፏል። የሚጠቅመን በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚያ ላይ ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት ይላል። ካስታወቀ በኋላ ክስ ለመመሥረት 1 ዓመት አለው። የአክስቴ ልጅ ይህን ከነገረኝ በኋላ «ለመሆኑ መጀመሪያ ያስታወቅሽው መቼ ነው?» አለኝ። ታኅሣሥ 2014። ሲነግረኝ ኅዳር 2015 አልቆ ነበር! «እቴ፣ ቀናት ናቸው የቀሩሽ» አለኝ። ስለዚህ አንቺም ጋራንቲው ያለቀበትን ቀን ትተሽ መጀመሪያ ብልሽቱን የተናገርሽበትን ቀን አስቢ። ጋራንቲው ሳያልቅ የጀመረ፣ ነግረሻቸው በደንብ ያልተጠገነ ብልሽት አዲስ ብልሽት አይደለም። ክርክርሽ ይህ ብቻ ይሁን። ሌላ አትቀባጥሪ፤ እኔ ስለ ዶሮው ሁሉ አውርቼ ነው ያበላሸሁት።

ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጻፍኩ። መቼ ተገዛ፣ መቼ መቼ ተበላሸ፣ ማን መጣ፣ ምን ይደረግልኝ። አንዷ ገጽ በቂ ነች። ገንዘብ ተቀባይዋ «ደብዳቤ አንቀበልም» ብላ ወረወረችልኝ። አዋጁ ሸማች በነጋዴ በትሕትና ይስተናገድ፣ ከስድብም ይጠበቅ እንደሚል ያኔ አውቄው ቢሆን ኖሮ! ሁለት ጎረቤት ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ምስክር ሲያዩ ተቀብለው ቀሪው ላይ ፈረሙልኝ። እምቢ ካሉሽ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኪው፤ የላክሽበትን ወረቀት አትጣዪ።

4ኛ፦ የሸማች አቤቱታ የሚያየው የመንግሥት ቢሮ። ኧረ ስለ ቢሮው አታስጀምሪኝ። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ሁለት ቀን ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው።» ሁለተኛ ቀን አንዲት ሴትዮ ማመልከቻዬን ሳታነብ፣ ቀና ብላም ሳታየኝ፣ «ጋራንቲ ያለቀበት እኛ ጋ አይታይም» አለችኝ። «አንብቢውና እንዲህ በዪኝ» ስላት «ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?» አለች። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። አልሄድም አልኩ። አንድ ወጣት ባለሙያ ለምሳ ሲወጣ አየኝና «ማዘር ምን ሆነው ነው?» አለኝ። (በዚያ ዓመት ሁሉም እናቱ አድርጎኛል። ገና 43 ዓመቴ ነበር።) ቆሞ አነበበው። የቴሌብሩን ወረቀት ሲያይ ሳቀ። እዚያው ሱቁ ደወለና «ሦስት ጊዜ ሰው ልካችሁ አናውቃትም ማለት እንዴት ነው?» አላቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ በሁለተኛው ቀን ሱቁ ራሱ ደወለልኝ።

እንግዲህ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ የቀረውን ዝም ብዬ ልንገርሽ።

ወደ እኛ ጋራዥ አምጪው አሉኝ። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት የለም። የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ለማውረድ 800፣ ለማውጣት 800 ብር። አልደራደርም አሉ፤ በሌላ ሰው ደግሞ አላስነካም አሉ። የመኪናው ለብቻ። በኋላ ነው ቴክኒሻን ቤት ድረስ ይምጣ ብዬ መጻፍ እንደነበረብኝ የገባኝ። አንቺ ደብዳቤሽ ላይ ይህን ጨምሪ። የግድ ከወሰዱትም ቆሞ ይጓዝ፣ ሲመለስም ወዲያው አትሰኪው፤ ጥቂት ሰዓት ይረፍ።

እዚያ ሲፈትሹት አብሬ ቆሜያለሁ። ቱቦው ውስጥ በግፊት ናይትሮጂን አስገብተው በሳሙና አረፋ ዳሰሱት። ፍሪዘሩ ጀርባ ካለው ኢቫፖሬተር (ብርዱን ከሚሰጠው ቱቦ) ላይ አረፋው ቡልቅ አለ። በመርፌ የተወጋች የምትመስል ቀዳዳ። ሦስት ጊዜ ጋዝ የሞላው ልጅ ይህን አንድ ቀን ቢያደርግ ኖሮ!

ኢቫፖሬተሩን በነፃ ቀየሩልኝ። ጋዙንም ሞሉ። ለሥራው የ6 ወር ዋስትና በጽሑፍ አስፈርሜ ተቀበልኩ፤ ማኅተሙን ራሴ እያየሁ። ጫኝና አውራጁንና ዶሮውን ግን ማንም አልከፈለኝም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ዋናው እሱ ሊሆንም ይችላል። ክርክሩ ሳያልቅ የሰፈር ቴክኒሻን አታስነኪው። «ሌላ ሰው ከፍቶታል» ካሉ አለቀልሽ። እኔ ለአንድ ቀን ተሸንፌ ጠርቼ ነበር። የመጣው ልጅ 134 (R134a) የሚባለውን ጋዝ ይዞ መጣ። የእኔ ፍሪጅ 600 (R600a) የሚባለውን ነው የሚወስደው። እግዜር ሲያወጣኝ ባለቤቴ ከኋላው ያለውን ወረቀት አነበበለት። የጋዙ ዓይነትም፣ ስንት ግራም እንደሚሞላም እዚያ ላይ ተጽፏል። ሁለቱ አይቀያየሩም፤ ፍሪጁ ያልተሠራለት ጋዝ ከገባበት ኮምፕሬሰሩን ሊገድለው ይችላል። 600 ደግሞ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሆነ በማያውቅ ሰው እጅ እሳት ማስጠጋት የለም። ያንን ወረቀት ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው፣ ከሴሪያል ቁጥሩ ጋር።

የእኔ ፍሪጅ እስከ ዛሬ ይሠራል። አሁን የበሩ ጎማ ላልቷል። እሱን በራሴ ገንዘብ አስቀይራለሁ፣ በሙሉ ደረሰኝ።