«ዳታ አለው ወይ ጋሼ?»

ልጆቼ፣

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ተመርቃ ሰቃ ጨቆርሳ ተመደበች። የመጀመሪያ ደሞዟን የተቀበለች ሰሞን ከመነሃሪያ በቀጥታ እኔ ቤት መጣች። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ «ጋሼ፣ የትኛውን ስልክ ልግዛ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። በጅማ ዙሪያ ከሠላሳ ዓመት በላይ በቡና ባለሙያነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ እንጂ የስልክ ነጋዴ አይደለሁም። «ኪስሽ የፈቀደውን» ብዬ ሸኘኋት። ማታ ግን ጥያቄዋ ከነከነኝ። እስከ ዛሬ የያዝኳቸውን ስልኮች በጣቴ ስቆጥር አራት ሆኑ። ስለ ሦስቱ ቁጭት የለኝም። አንደኛው ግን አምስት የቡና ወቅት ይዞብኝ ሄዷል። ለእሷ ሳልነግራት የቀረሁትን ለእናንተም ይሁን ብዬ ነው የምጽፈው።

ከስልክ በፊት የነበረኝ ደብተር ነው። በ1976 ሥራ ስጀምር አለቃዬ የሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «በእስክሪብቶ እንዳትጽፍ» የሚል ነበር። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቀለም ሲርስ ይፈሳል፣ እርሳስ ግን ወረቀቱ እስካለ ድረስ አለ። ስለዚህ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና በክር የታሰረ እርሳስ ከኪሴ አይጠፉም ነበር። በማና፣ በጎማ፣ በደዶ ወረዳዎች ስዞር የበጋው ዝናብ መቼ እንደጣለ፣ ቡናው መቼ እንዳበበ፣ በሽታ የትኛው ማሳ ላይ እንደታየ እጽፋለሁ። ቡና እንቡጡን ይዞ ደርቆ ይጠብቅና ዝናብ ባገኘ በስምንት በዘጠኝ ቀን ነጭ ለብሶ ያድራል። ካበበበት ቀን ስምንት ዘጠኝ ወር ከቆጠራችሁ ለቀማው መቼ እንደሚደርስ ትገምታላችሁ። አበባው ግን ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚቆይ በዕለቱ ያልጻፈው ሰው በኋላ ከየትም አያገኘውም።

የበሽታውም ነገር ዋዛ አልነበረም። የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን የታየው በ1963 ግድም ነው። ከዚያ በኋላ እዚሁ ጅማ ያለው የመልኮ የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች የሚቋቋሙትን ዛፎች መርጠው 74110፣ 74112፣ 74165 እያሉ በቁጥር ለዩዋቸው። 74 የምትለዋ በፈረንጆቹ 1974 መመረጣቸውን ነው የምትነግራችሁ። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ልጆቹ ስም ይጠራቸዋል። ይህን የማነሳው ወደኋላ ስለ ቁጥር የምላችሁ ስላለኝ ነው።

የመጀመሪያ ስልኬን የያዝኩት በ1999 ነው። ያኔ ሲም ካርድ ማግኘት ራሱ ወረፋ ነበረው፤ 0917 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር የወጣልኝ ቀን ጎረቤት «እንኳን ደስ አለህ» ብሎኛል። ስልኩ ኖኪያ 1100 ነበር፣ ያ ባለ ባትሪው። መብራት በጠፋ ቁጥር ከሂርማታ ገበያ እስከ ቤቴ የመራኝ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ጭቃ ላይ ወድቋል፤ ጠርጌው ቀጥሏል። አጭር መልእክት ከ1997 ምርጫ በኋላ ተዘግቶ ስለነበር የመጀመሪያው መልእክት የደረሰኝ በ2000 መግቢያ፣ በሚሌኒየሙ ሰሞን ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበር። ሦስት ጊዜ አንብቤው ነው «እንኳን አደረሰህ» መሆኑ የገባኝ።

ካርድ ውድ ስለነበር ከገበሬዎቹ ጋር የምንነጋገረው በሚስኮል ነበር። አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ «ና»፣ ሁለቴ ከሆነ «ዝናብ ነው፣ እንዳትለፋ»። ደዶ መንገድ ላይ ኔትወርክ የሚገኝበት አንድ ጉብታ ነበረ፤ በገበያ ቀን እዚያ ላይ የሚቆመው ሰው ብዛት ለቅሶ ያለ ያስመስለዋል። ከጉብታው ከወረዳችሁ በኋላ መልሱ አንድ ነው፦ «ኔትወርኪን ሂንጂሩ»፣ ኔትወርክ የለም።

አሁን ሳስበው የዚያ ስልክ ትልቁ ጸጋ ጥበቱ ነበር። ጥቂት መልእክት ከተጠራቀመ በኋላ ሞልቷል ብሎ አዲስ አይቀበልም። አሮጌውን ላጥፋ ስል ደግሞ «ይሄ ያስፈልገኛል» የምለውን በእርሳስ ደብተሬ ላይ እገለብጠዋለሁ። የዝናብ ወሬ፣ የእሸት ቡና ዋጋ፣ የሰው ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም ወደ ደብተር ይሄድ ነበር። ስልኩ ዕቃ ማስቀመጫ ሳይሆን በር ነበር ብል ይሻለኛል፤ ነገር በእሱ ይገባል እንጂ እዚያው አያድርም።

ሁለተኛው ከቻይና የመጣ ባለ ሁለት ሲም ነበር። ቴሌ አንድ ብቻ በነበረበት አገር ሁለት ሲም ለምን እንዳስፈለገኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምፁ አገር ያንቀጠቅጥ ነበር። አንድ ለቅሶ ቤት ፍትሐት ላይ ሳለን ዳንኪራ የሚያስረግጥ ዘፈን ለቀቀብኝና ማጥፊያው ጠፍቶኝ በእቅፌ ይዤው ወደ ደጅ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ ለእሱ ያለኝ ፍቅር ቀዘቀዘ።

ሦስተኛው በ2006 የገና ሰሞን መጣ። ልጄ ከአዲስ አበባ የላከልኝ ስማርት ስልክ ነበር። ሥራውን አልነቅፈውም። ዛፍ ሲያብብ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይይዝልኛል። የበሽታ ምልክት ሳይ ፍሬውን አቅርቤ አነሳለሁ። በዚያው ዓመት 8028 የሚባለው የገበሬዎች መረጃ መስመር ተጀመረና አንድ ማና ያለ ገበሬ እኔ ከመድረሴ በፊት በኦሮምኛ የሰማውን ምክር ነግሮ ፈተነኝ። ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽም። መልስ ፍለጋ እኔን መጠበቅ ግን ስላልነበረበት በኋላ ደስ አለኝ።

ደብተሩ ያቆመው ያኔ ነው። አስቤበት አይደለም። ስልኩ ስለሚይዝልኝ መጻፉ ድካም መሰለኝ። ስፋቱ ማለቂያ የሌለው ነበርና ምንም ነገር መምረጥ፣ ምንም ነገር መገልበጥ አላስፈለገኝም። በ2008 ደዶ ውስጥ አንድ አዛውንት አገኘሁ። በልጅነታቸው ጫካው ውስጥ ስለነበረው ቡና፣ የትኛው ሸለቆ ምን ዓይነት ዛፍ እንደነበረው፣ በሽታው ሲመጣ የትኛው ቆሞ እንደቀረ ለአርባ ደቂቃ ያህል አወጉኝ። ሁሉንም በድምፅ ቀዳሁት። አንዲት መስመር አልጻፍኩም።

በ2010 ክረምት ስልኩ ሲበራ ስሙን ያሳይና ይጠፋል፣ ያሳይና ይጠፋል። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አንድ ሞባይል ጥገና ወሰድኩት። ልጁ ጨዋ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ነካክቶ ሲያበቃ «ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ ነው፤ ፍላሽ እናድርገው። ዳታ አለው ወይ?» አለኝ።

«የለውም» አልኩት። «ትናንት ነው ያለቀው።»

አያችሁ? እሱ የጠየቀኝ ውስጡ የተቀመጠ ነገር ካለ ብሎ ነው። እኔ የመለስኩለት ስለ ኢንተርኔት ጥቅሌ ነው። ሁለታችንም አማርኛ ተናግረናል፣ ሁለታችንም እውነት ተናግረናል። ፍላሽ ሲደረግ የስልኩ መሠረታዊ ሶፍትዌር እንደገና ይጫናል፤ ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ ፎቶ፣ ድምፅና ስም ዝርዝር አብሮ ይጠረጋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኬ እንደ አዲስ ሆኖ ተመለሰልኝ። ከፍዬ፣ መርቄው ወጣሁ። ባዶነቱን ያየሁት አጂፕ አካባቢ ደርሼ ነው። ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ «ጠይቄዎት ነበር እኮ ጋሼ» አለኝ። ጠይቆኝ ነበር።

አዛውንቱን ሄጄ እንደገና ላስወራቸው እንዳልል በ2009 አርፈዋል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ የማስተርስ ተማሪ የቡና አበባ ቀኖችን እያሰባሰበ እኔ ዘንድ መጣ። ከ1976 እስከ 2005 ያሉትን ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩለት። የአንዳንዱ ጠርዝ አይጥ በልቶታል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ሲገለብጥ ሲገለብጥ ውሎ «የ2006 እስከ 2010ስ?» አለ። ቡና ይቀዳ ብዬ ተነሳሁ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የቱን ስልክ እንደምትገዙ አልመክራችሁም። ከገዛችሁ በኋላ ግን ጥቂት ነገር ልለምናችሁ። የጉግል አካውንታችሁን ራሳችሁ ክፈቱ። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው አካውንቱን የሚከፍትለት የሱቁ ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ልጁ ነው የሚያውቀው፣ እሱም ሳምንት ሳይሞላ ይረሳዋል። ስልኩ የጠፋ ቀን ፎቶው «ደመና» በሚሉት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ቢኖርም መክፈቻው በማንም እጅ የለም። ጥገና ቤት ስትሄዱ ደግሞ «ፍላሽ» የሚል ቃል ከሰማችሁ ስልኩን መልሳችሁ ተቀበሉና «ምን ምን ይጠፋል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ዳታ የሚለውን ቃል ግን ሁለታችሁም አትጠቀሙበት።

*#06# ስትጫኑ የሚወጣው አሥራ አምስት አሃዝ የስልኩ መታወቂያ ነው፤ ወረቀት ላይ ይቀመጥ። ደግሞም ቢያንስ የሁለት ሰው ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ገንዘባችሁም እዚያው ስልኩ ውስጥ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ወልቂጤ ላይ ኪሳችሁ ቢዳሰስ የእናታችሁን ቁጥር የማታውቁ፣ የምትከፍሉት ሳንቲም የሌላችሁ ሰዎች ሆናችሁ ትቀራላችሁ። 74110ን ያልረሳ ገበሬ ባለበት አገር ይህ ያሳፍራል።

በመስክ የምትሠሩ ከሆናችሁ የዕለቱን ነገር በዕለቱ ሦስት መስመር ጻፉ። ፎቶውንም አንሱ፣ አልከለክልም። እኔም አራተኛው ስልኬ ላይ አነሳለሁ። ግን ሰው አርባ ደቂቃ ሲያወጋችሁ ቤት ገብታችሁ ራት ሳትበሉ የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል አስፍሩት። ስትጽፉት ያልገባችሁ ነገር ይታያችኋል፣ ሰውየውም ገና በሕይወት ስላሉ በማግስቱ ተመልሳችሁ ትጠይቃላችሁ። እኔ ያንን የአርባ ደቂቃ ድምፅ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ መልሼ አላዳመጥኩትም ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

የእህቴ ልጅ ስልኳን ገዝታለች፤ ቆንጆ ነው፣ ዋጋውን ግን አልጠየቅኳትም። እኔ ከመርካቶ ደብተርና ሁለት እርሳስ ገዝቼ ሰጠኋት። ሳቀችብኝና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ባለፈው ሳምንት ደውላ «ጋሼ፣ እስቲ ላንብብልዎት» አለችኝ፦

«የካቲት 19፣ ከሰዓት፣ ደህና ዝናብ። የካቲት 28፣ ጠዋት፣ የታችኛው ማሳ በሙሉ አብቧል። የላይኛው ገና ነው፤ ለምን እንደሆነ ገበሬውን መጠየቅ።»