ሮቦት መጣ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ግን ጠይቁ

ልጆቼ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምትሠሩ ወጣት ነርሶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ሮቦት ሥራችንን ሊቀማን ነው እንዴ?» አይቀማም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ላይ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ። መተንፈስ ያቃታቸው ሕፃናትና ወጣቶች ሆስፒታሉን ሞሉት፤ የመተንፈሻ ማሽኑ አልበቃም። ብዮርን ኢብሰን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም አንገታቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ አየር በእጅ እየተገፋ እንዲገባላቸው አደረገ። የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ቀንና ሌሊት የጎማ ከረጢቱን ሲጨምቁ ሰነበቱ። ዛሬ ያንን ሥራ ቬንቲሌተር የሚባለው የመተንፈሻ ማሽን ይሠራዋል። ታዲያ አልጋው አጠገብ ያለው ሥራ ቀነሰ? ኧረ ጭራሽ በዛ! አክታው ይመጠጣል፣ የመተንፈሻ ቱቦው ይጠበቃል፣ ማሽኑ በጮኸ ቁጥር የሚሮጠው ያው ነርስ ነው።

ስለዚህ ሮቦት ሲመጣ የጉልበቱን ሥራ ሳታቅማሙ ስጡት። መድኃኒትና ናሙና ያመላልስ። ባዶውን ክፍል በአልትራቫዮሌት ጨረር ያጽዳ። በሽተኛን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ወገብ ይሰብራል። ሳንባው ክፉኛ የተጎዳን ሰው በሆዱ ለማስተኛት ደግሞ አራት አምስት ሰው ይረባረባል፤ አንዱ ጭንቅላቱንና ቱቦውን ብቻ ይዞ። በወገብ ሕመም ሙያውን የተሰናበቱ ጎበዝ ነርሶች አውቃለሁ። የሚያነሳልን ማሽን ከመጣ እሰየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ጊዜ ጣሊያን፣ ቫሬዜ ከተማ ያለ ሆስፒታል ሮቦቶችን አልጋ አጠገብ አቁሞ ነበር። ሠራተኞቹ ክፍሉ ሳይገቡ ሞኒተሩን፣ ማለትም የልብ ምትና ትንፋሽ የሚያሳየውን ስክሪን፣ በሮቦቱ ካሜራ ያዩ ነበር። ያንን መከላከያ ልብስ ለብሶ ላብ ያጠመቀው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

በሽተኛውን ማየት ላይ ግን ቆም በሉ። ቱቦ የገባለት ሰው አይናገርም። ቅንድቡን ያነሳል፣ የአልጋውን ብረት ጨብጦ ይለቃል፣ በጣቱ አንሶላውን ይቧጥጣል። ሞኒተሩ ደህና ነው ይላል፤ እናንተ ግን «ይሄ ሰው ዛሬ አላማረኝም» ትላላችሁ። አንሶላውን ገለጥ ስታደርጉት ጉልበቱ አካባቢ ቆዳው ዥጉርጉር ብሏል፣ እግሩ ቀዝቅዟል፣ የሽንት ከረጢቱ ከቅድሙ ብዙም አልጨመረ። ደሙ በደንብ እየተዘዋወረ እንዳልሆነ ገባችሁ፤ ሐኪም ትጠራላችሁ። ይህን የሚለይ ካሜራ አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። እስከዚያው አንሶላውን የምትገልጡት እናንተ ናችሁ።

ደግሞ ጽኑ ሕሙማን ብዙዎቹ ይቃዣሉ። ግድግዳ ላይ ሰው ያያሉ። ነርሷ ልትገድላቸው የመጣች የሚመስላቸውም አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ክፍል በእኩለ ሌሊት ዓይኑ የሚያበራ ማሽን ሰተት ብሎ ሲገባ እስቲ አስቡት። አላርሙ እንደሆነ አሁንም ጆሯችንን አደንዝዞታል፤ አብዛኛው የውሸት ነው። ሌላ የሚጮህ ዕቃ ሲጨመርልን እልል አንልም።

ቅድም ያሳስበኛል ያልኩት ይኸውላችሁ። ሮቦቱ የቆጠበው ሰዓት ወዴት ይሄዳል? በፈረቃ ግማሽ ሰዓት ቢያተርፍላችሁና በዚያች ግማሽ ሰዓት ተሳብቦ አንድ በሽተኛ ቢጨመርባችሁ፣ ምን ተጠቀማችሁ? በሽተኛውስ? ከሮቦቱ ጋር ጠብ የለኝም። ከዚህ ሒሳብ ጋር ግን አለኝ።

ዕቃው ሊገዛ ሲታሰብ ጀምሮ ግቡበት። ሻጩ ስላይዱን ሲያሳይ ኋላ ወንበር ላይ አትቀመጡ። ባትሪው መሀል መንገድ ቢያልቅ ማን ይገፋዋል? በሩ ላይ ቆሞ የድንገተኛውን ጋሪ ቢዘጋስ? ካሜራው የቀረጸውን የበሽተኛ ገላ ማን ያየዋል? በሽተኛ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል? «እናያለን» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ሙከራውንም አደራ፣ አለቆች ተሰብስበው በሚያጨበጭቡበት ቀን ሳይሆን በሌሊት ፈረቃ፣ ሰው ባነሰበት ሰዓት አስደርጉት።