ውኃ የገባበት ኦሜጋ፦ ላስጠግነው ወይስ ልመልሰው?

ጥያቄ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነዋሪ ነኝ። ፍሎሪዳ ከሚገኝ ያገለገሉ ሰዓቶች ነጋዴ ድረ ገጽ ላይ አንድ ኦሜጋ ሲማስተር በ3,400 ዶላር ገዛሁ። የከፈልኩት በክሬዲት ካርድ ነው። ማስታወቂያው «በጣም ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ፣ በቅርቡ ሰርቪስ የተደረገ» ይላል። ሰዓቱ ከደረሰኝ 12 ቀን ሆነው። ወደ ኋላ እየቀረ ሲያስቸግረኝ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት። የኋላ ክዳኑ ሲከፈት የመሙያው ዘንግ ዝጎ፣ ማሽኑም ላይ ውኃ የገባበት ምልክት ተገኘ። ጥገናው 850 ዶላር ነው ተባልኩ። ሻጩ «ባለበት ሁኔታ ነው የሸጥንልህ፤ ከፈለግህ 200 ዶላር ልመልስልህ» አለኝ። አስጠግኜ ወጪውን ልጠይቀው?

መልስ፦ አያስጠግኑት። 200 ዶላሩንም አይቀበሉ፤ ሻጩ በኋላ «ተስማምተን ጨርሰናል» ለማለት የሚይዘው እሱን ነው። ሰዓቱን ከእጅዎ አውልቀው ያስቀምጡት፣ አያጥልቁት።

ሜሪላንድ በተቀበለችው የዩኒፎርም ኮሜርሻል ኮድ (የንግድ ሕግ) ስለ ዕቃ ሽያጭ በሚደነግገው 2ኛ ክፍል መሠረት፣ የደረሰው ዕቃ ከውሉ ጋር ካልተስማማ ገዢው በተገቢ ጊዜ ውስጥ «አልቀበልም» ማለት ይችላል። አልቀበልም ካሉ በኋላ ግን እንደ ባለቤት መጠቀም የለብዎትም፤ ማጥለቅም ማስጠገንም «ተቀብሎታል» ያሰኛል። የተቀበለ ገዢም መብቱ አይጠፋም፤ ሰዓቱ እንደተባለው ቢሆን ያወጣ በነበረው ዋጋና አሁን ባለው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን የማስረዳት ሸክሙ እሱ ላይ ይወድቃል፣ የካርዱ ባንክ ገንዘቡን እንዲያስመልስ የመጠየቁም መንገድ ይጠባል። የተጠገነ ሰዓት ደግሞ ዝገቱ ተጠርጎ፣ የዛገው ዘንግ ተለውጦ የሚመጣ ስለሆነ ዋናው ማስረጃዎ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስረጃውን ያጠናክሩ። ሻጩ የሚያነሳው ክርክር ከወዲሁ ይታወቃል፦ «ውኃው የገባው አንተ ዘንድ ነው» ወይም «ክዳኑን ስትከፍተው አበላሸኸው» ይላል። ሰዓት ሠሪው የድርጅቱ ስም ባለበት ወረቀት የተፈረመ ሪፖርት ይስጥዎ። ሪፖርቱ የሰዓቱን ሴሪያል ቁጥርና የተመረመረበትን ቀን ይያዝ። ዝገቱ የት የት እንዳለ፣ ያረጀና የደረቀ መሆን አለመሆኑን፣ በ12 ቀን ውስጥ ሊፈጠር ይችል እንደሆነም በሙያው ይግለጽ። ውኃ እንዳይገባ የሚከላከሉትን ጎማዎች ሁኔታ ይጻፍ። በደረቅ የግፊት መመርመሪያ ይፈትሸው፤ ይህ በአየር ግፊት ስለሚሠራ ሰዓቱን ውኃ ውስጥ አያስገባም። የሰዓቱን ምት እየሰማ አሠራሩን በሚለካው መሣሪያ፣ በታይምግራፈርም ይለካው። አውቶማቲክ ሰዓት ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በጀርባው ተኝቶ ሲለካ፣ በደህና ጊዜው አምፕሊቲዩዱ (የማሽኑ ሚዛን ጎማ የሚወዛወዝበት ስፋት) አብዛኛውን ጊዜ ከ270 እስከ 310 ዲግሪ ይሆናል። ከ220 በታች ከወረደ «በቅርቡ ሰርቪስ ተደርጓል» የሚለውን ቃል ክፉኛ ያናጋዋል። ሴሪያል ቁጥሩና ዝገቱ በአንድ ተከታታይ ቪዲዮ ላይ ቢታዩ፣ «ይህ የእኔ ሰዓት አይደለም» የሚለው ማምለጫ ይዘጋል። ማስታወቂያውንም ሻጩ ሳያነሳው ዛሬውኑ ከነፎቶዎቹ ስክሪንሾት ያንሱ።

ቀጥሎ ለሻጩ በኢሜይል ይጻፉለት፤ ስልክ አይበቃም። «ጥራቱ እንደጠበቅኩት አይደለም» ብሎ መጻፍ ደካማ ነው። ሕጉ ጉድለቶቹን ለይቶ መግለጽ ይፈልጋል፤ ሳይገለጽ የቀረ፣ ሻጩ ሊያስተካክለው ይችል የነበረ ጉድለት በኋላ ላይነሳ ይችላል። እንዲህ ይበሉ፦ «ሰዓቱን አልቀበልም። የመሙያው ዘንግ ዝጓል፤ ማሽኑ ላይ ውኃ የገባበት ምልክት አለ፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ በማስታወቂያው ካለው መግለጫ ጋር አይስማማም። ለመመለስ ዝግጁ ነኝ፤ የመላኪያ መመሪያ ላኩልኝ። 3,400 ዶላሩን እስከ 10 ቀን መልሱልኝ።» የሰርቪሱን ደረሰኝም ይጠይቁ፤ የት፣ መቼ፣ ማን እንደሠራው። በእውነት ሰርቪስ ያስደረገ ነጋዴ ይህን ወረቀት ለማውጣት አይቸገርም።

«ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ሻጩ እንደሚያስበው ጋሻ አይሆነውም። «በቅርቡ ሰርቪስ የተደረገ» ብሎ መጻፍ ራሱ በግልጽ የተሰጠ ዋስትና ነው፤ በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላ እጅ መንሳት አይቻልም። በሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ነጋዴ ለግል መገልገያ የሚሆን ዕቃ ሲሸጥ፣ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት ብቁ ነው የሚለውን ሕጋዊ ዋስትና በእንዲህ ያለ ቃል ማስቀረት አይችልም። ይህ የሚሠራው ሻጩ ነጋዴ ሲሆን እንጂ ጎረቤት የግል ሰዓቱን ሲሸጥ አይደለም። ድረ ገጹ «ውሉ የሚዳኘው በፍሎሪዳ ሕግ ነው» የሚል አንቀጽ ካለው ክርክር ያስነሳል፤ የሽያጭ ውሉን ያንብቡት። «ውኃ መከላከሉን አናረጋግጥም» የሚል ማሳሰቢያ ካለም አያስደንግጥዎ። እሱ ወደፊት ይዘውት ቢዋኙ የሚመለከት ነው፤ ከሽያጩ በፊት ስለገባ ውኃ አይናገርም።

አሥሩ ቀን ካለፈ ወደ ካርዱ ባንክ ይሂዱ። ክፍያው ከተመዘገበበት የመጀመሪያ ስቴትመንት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ፣ ባንኩ ለክርክር በሰጠው አድራሻ በጽሑፍ ያመልክቱ። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻዎ እንደደረሰው ሊያሳውቅዎ፣ በሁለት የሒሳብ ዙር፣ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥም ሊወስን ይገባል። «ከመግለጫው ጋር የማይስማማ ዕቃ» በሚል ይቅረብ። ባንኩ ዕቃውን መልሰው ወይም ለመመለስ ሞክረው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ያ ኢሜይል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሻጩ «መጀመሪያ ላክልኝ» ካለ፣ የከፈሉት እስኪመለስ ድረስ ያልተቀበሉትን ዕቃ ይዘው የመቆየት መብት አለዎት። ባንኩ መልሰው እንዲልኩ ካዘዘ ግን በዩኤስ ፖስታ ቤት ሬጅስተርድ ሜይል ይላኩት፤ እስከ 50,000 ዶላር ኢንሹራንስ ይሰጣል። ሲረከቡም እንዲፈርሙ ይጠይቁ። ሲያሽጉ ሴሪያል ቁጥሩ እየታየ በቪዲዮ ይቅረጹ።

ባንኩ ካልረዳዎ የሜሪላንድ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የሸማቾች ጥበቃ ክፍል በነጻ ያደራድራል። የዲስትሪክት ፍርድ ቤቱ አነስተኛ ክርክር ችሎትም እስከ 5,000 ዶላር ያያል፤ የእርስዎ ጉዳይ ከነምርመራና መላኪያ ወጪው በዚህ ውስጥ ይገባል። እንቅፋቱ፣ አንድ ሰዓት በድረ ገጽ የሸጠን የፍሎሪዳ ነጋዴ ሜሪላንድ ላይ ማስቀረብ ሁልጊዜ የማይሳካ መሆኑ ነው። ለዚህም ነው የባንኩን መንገድ ማስቀደም የምመክረው። ለክስ ያለዎት ጊዜ በሽያጭ ሕጉ ሰዓቱን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ነው፤ የባንኩ 60 ቀን ግን ቶሎ ያልፋልና ስቴትመንቱ የወጣበትን ቀን ዛሬውኑ አይተው ይመዝግቡት።