የፊት ጎማ ይቅደም፦ በበረዶ ወራት በብስክሌት ሥራ ለምትሄዱ ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ከሚኒያፖሊስ፣ ከካልጋሪ፣ ከኦስሎና ከስቶክሆልም ነው። የጻፉት ሰዎች አብዛኞቹ ጎሕ ሳይቀድ ሥራ የሚገቡ፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ የማይደርስላቸው ናቸው። ረዣዥሞቹን አሳጥሬ፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

«100 ዶላር አለኝ፤ ወፍራም ጃኬት ልግዛ ወይስ ጎማ?»

ከሚኒያፖሊስ የጻፉት እህት ሆስፒታል ይሠራሉ፤ የሚገቡት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። መንገዳቸው 6 ኪሎ ሜትር፣ ብስክሌታቸው ያገለገለ ማውንቴን ባይክ። ዘመድ ሁሉ «ጃኬት ግዢ» እያለ አስጨንቋቸዋል።

ባለሚስማር ጎማ ይግዙ፣ በረዶ የሚነክሱ ትንንሽ ሚስማሮች ላዩ ላይ የተተከሉበትን፤ መጀመሪያ የፊቱን። ዘመድ ብርዱን የሚለካው ቆሞ አውቶቡስ ሲጠብቅ በሚሰማው ነው። ፔዳል የሚመታ ሰው 10 ደቂቃ ሳይሞላው ይሞቀዋል። ያለዎት ልብስ ላይ ነፋስ የማያስገባ ስስ ነገር ቢደርቡ ለ6 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ከቤት ሲወጡ ትንሽ ከበረደዎ ልክ ለብሰዋል፤ በር ላይ ሆነው ከሞቀዎ ግን በዝቷል፤ ላብ አጥምቆዎት ነው ሥራ የሚደርሱት።

የፊቱ ለምን ይቀድማል? የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ብስክሌቱ ይወዛወዛል፤ እግር መሬት አውርዶ ለመትረፍ ጊዜ ይገኛል። የፊቱ ሲንሸራተት ግን መሪው ከእጅ ያመልጣል፤ ምን እንደሆነ ሳያውቁት በዳሌዎ ወይም በእጅ አንጓዎ መሬት ላይ ነዎት። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ የፊቱ ባለሚስማር ይሁን፤ የኋላው በሚቀጥለው ደመወዝ ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ ደህናው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ዶላር ያወጣል።

ሲገዙ የሚስማሩን ጫፍ ይጠይቁ። ተንግስተን ካርባይድ መሆን አለበት። ተራ ብረት የሆነው ርካሽ ጎማ የተጠረገ አስፋልት ላይ በአንድ የበረዶ ወቅት ተበልቶ ያልቃል፤ ካርባይዱ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ቀጥሎ የሚስማሩ ብዛት። በሁለት መስመር 100 ገደማ ሚስማር ያለው ጎማ፣ እየተጠረገ አልፎ አልፎ በረዶ ለሚጋገርበት መንገድ ይሆናል። መኪና ሄዶበት ቦይ ሠርቶ በጠጠረ በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ግን አራት መስመር ያለውን፣ 240 ገደማ የሆነውን ይምረጥ፤ ከቦዩ ሲወጡ ጎማው በጎኑ ስለሚነካ የዳር ዳሩ መስመር ያኔ ነው የሚይዘው። የፊንላንዱ ሀካፔሊታ የሚባለው ጎማ በ106ም በ240ም ተሠርቷል፤ ቁጥሩ የሚስማሩ ብዛት ነው።

ልኩን ከአሮጌው ጎማ ጎን ላይ ያንብቡ። ለምሳሌ 50-559 ካለ፣ ሁለተኛው ቁጥር ከአዲሱ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፣ ትንሽ ቢለያይ አይጎዳም። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ካልሆነ በረዶ ይጠቀጠቅበትና ጎማውን ይይዘዋል። አዲሱን ጎማ የመጀመሪያዎቹን 40 ኪሎ ሜትሮች በተጠረገ አስፋልት ላይ ያለ ኃይለኛ ፍሬን ይንዱት፤ ሚስማሮቹ ቦታቸውን የሚይዙት ያኔ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ሚስማሮቹ በየመንገዱ ይረግፉበታል።

ነፋሱን በተመለከተ፦ ጎማው ጎን ላይ ትንሹና ትልቁ ልክ ተጽፏል። ለደረቅ አስፋልት ወደ ትልቁ፣ ለበረዶ ወደ ትንሹ ያስጠጉ። 20 ዲግሪ በሆነ ቤት ውስጥ 4 ባር (ባር የነፋሱ ግፊት መለኪያ ነው) የሞሉት ጎማ፣ ውጭ ከዜሮ በታች 20 ሲሆን ወደ 3.3 ይወርዳል። ስለዚህ የሚለካው ውጭ፣ ብስክሌቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሚስማሩ አስፋልት ላይ ይንጫጫል፤ አይደንግጡ። ድምፁ ድንገት ከጠፋ ግን በረዶ ላይ ወጥተዋልና መሪውን ሳያዞሩ ቀጥ ብለው ይለፉ።

ሚስማር የሚጠቅመው ለጠጠረ በረዶ ነው፤ መኪና አቡክቶት ቡናማ ሆኖ ለተከመረው ልል በረዶ አይረዳም። እዚያ ላይ ቀላል ማርሽ፣ ወደ ኋላ የተጫነ ክብደት፣ መሪውን አጥብቆ ያልጨበጠ እጅ ይሻላል። ካልሆነ ወርደው ይግፉ። የሚኒያፖሊስ ሰው ደግሞ ዕድለኛ ነው፦ ሚድታውን ግሪንዌይ የሚባለው የብስክሌት መንገድ በአሮጌው የባቡር ቦይ ውስጥ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ መኪና ያስኬዳል፤ በብርዱም ወራት ይጠረጋል። በረዶው ካየለ የሜትሮ ትራንዚት አውቶቡሶች ፊታቸው ላይ የብስክሌት መጫኛ አላቸው።

ፋት ባይክ (በጣም ወፍራም ጎማ ያለው ብስክሌት) የግድ ነው ወይ?

አይደለም። ለከተማ መንገድ ከባድና ውድ ነው፤ ገንዘቡን ለሚስማር ያውሉት።

ትናንት ሞቆ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ወደቅሁ

ካልጋሪ ያሉ ወንድም ከቀዝቃዛው ሳምንት ሁሉ በሰላም አልፈው፣ በሞቀው ማግሥት መውደቃቸው ገርሟቸዋል። እንደዚያ ነው የሚሆነው። ከሮኪ ተራሮች የሚወርደው ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ውሃው ከዳር ከተከመረው ክምር ተነስቶ መንገዱን አቋርጦ ይፈሳል፤ ሌሊት ይረጋል። ጠዋት የሚታየው እርጥብ አስፋልት ነው፤ የሚረግጡት ግን ስስ በረዶ ነው። በዜሮ አካባቢ ያለ በረዶ ላዩ ላይ የውሃ ስስ ሽፋን ስላለው ከዜሮ በታች 20 ላይ ካለው ይልቅ ያንሸራትታል። ከሁሉ ቀድሞ የሚረጋው ድልድይ ላይ ነው፤ ነፋሱ ከላይም ከታችም ስለሚያቀዘቅዘው። የጣራ ውሃ መውረጃ ሥር፣ የዋሻ መንገድ መውጫ፣ ክምር ያለበት ዳገት ሥር፦ እነዚህን ከመንገድዎ ላይ ለይተው ይወቋቸው። ፍሬን የሚያዘው ከመድረስዎ በፊት ነው። በረዶው ላይ ከወጡ በኋላ ፍሬን የለም፣ መታጠፍ የለም፣ ፔዳል መምታት የለም፤ ዝም ብሎ ይንከባለል።

ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድዎን «አንጓዬን ትንሽ ያመኛል» ብለዋል። ይህን አላልፈውም። አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ሲያነሱ ከሥሩ ጎድጎድ የሚል ቦታ አለ፤ እሱን ሲጫኑት ካመመ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ስትሰነጠቅ የመጀመሪያው ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አትታይም። «ራጅህ ደህና ነው» ቢባሉም ሕመሙ ካልለቀቀ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ይነሱ፤ ይህን እርስዎ ራስዎ ይጠይቁ። በደም እጥረት ሳትጋጠም የቀረች አጥንት ዕድሜ ልክ ታስቸግራለች።

የኦስሎ የትራም ሐዲድ

በተቻለ መጠን ቀጥ አድርገው በመስቀልኛ ያቋርጡት። ሚስማር ብረት አይዝም።

ፔዳሉ ባዶውን ይሽከረከራል

ከዜሮ በታች 25 ሲሆን ፔዳሉ ይዞራል፣ ጎማው አይዞርም። ቤት ሲገባ ደግሞ ይድናል። ጠያቂው መካኒክ ሁለቴ አይቶት «ምንም የለውም» አለ ይላሉ፤ መካኒኩ ያየው ሙቅ ክፍል ውስጥ ነዋ!

በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ በስፕሪንግ የሚነሱ ትንንሽ ጥርሶች አሉ፤ ፔዳሉን ከጎማው ጋር የሚያያይዙት እነሱ ናቸው። ወፍራም ግራሶ በብርድ ሲጠጥር ተጣብቀው ይቀራሉ። መካኒኩ ፈትቶ ግራሶውን ይጥረግና በቀጭን ዘይት ይተካው፤ ኩሽኔታው ላይ ግራሶ ይቆይ። ሌላው ምክንያት ውሃ ነው። ብስክሌቱን በረዶ እንደተሸከመ ሳሎን አስገብተው ጠዋት መልሰው ካወጡት፣ የቀለጠው ውሃ እምብርቱና የፍሬን ገመዱ ውስጥ ገብቶ ውጭ ይረጋል። ወይ ቀዝቃዛ ግን ጣራ ያለው ቦታ ይደር፤ ወይ ቤት ከገባ በደንብ ተጠርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይውጣ። ግማሽ መንገድ ነው ጉዳቱ።

ባትሪው በረንዳ ላይ ቻርጅ ሲደረግ ያድራል

ስቶክሆልም ምግብ የምታደርሰው ወንድሜ፣ ይህን ዛሬ ማታ አቁም። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባት አቅቶት ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል። ይህ አይመለስም፤ የባትሪውን አቅም ይቀንሳል፣ ሲብስም ከውስጥ አገናኝቶ ያነደዋል። ባትሪውን አስገባ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ክፍል ውስጥ ይቆይ፣ እንደ ክፍሉ ሲሞቅ ቻርጅ አድርገው። ማሞቂያ ላይ አታስቀምጠው። ከበር አጠገብም አታድርገው፤ እሳት ቢነሳ መውጫህ እሱ ነው። ጠዋት ብስክሌቱ ላይ የምትገጥመው ልትነሳ ስትል ነው።

በብርድ ርቀቱ መቀነሱ የባትሪው በሽታ አይደለም። ከዜሮ በታች 10 ላይ ሲሶው እንደሚቀንስ አድርገህ ፕሮግራምህን አውጣ፤ ሁለተኛ ባትሪ ካለህ ምግቡን በምታሞቅበት ቦርሳ ውስጥ ለብቻው ቦታ ስጠው። ባትሪው ካበጠ፣ ከሸተተ ወይም ክፉኛ ከወደቀ ግን ቻርጅ አታድርገው፤ ከቤት አውጣውና ወደ ሻጩ ደውል። በቅናሽ እከፍተዋለሁ ለሚልህ ጓደኛ አትስጥ፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

በአንድ ወር ሰንሰለቱ ዝጎ አለቀ

ይህችም ከስቶክሆልም ናት። ከተማው ዋና ዋናዎቹን የብስክሌት መንገዶች በመጥረጊያ ብሩሽ ጠርጎ ጨው ያፈስባቸዋል። ለመንገዱ ግሩም ነው፤ ሰንሰለቱን ግን ይበላዋል። ማታ እንደገቡ በደረቅ ጨርቅ ሰንሰለቱን ይዘው ፔዳሉን ወደ ኋላ ያዙሩ፤ ጥቁሩ እስኪቀንስ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በሳምንት አንዴ ለብ ባለ ውሃና በስፖንጅ ይጠቡ፤ በኃይል የሚረጭ ቧንቧ ጨዉን ኩሽኔታ ውስጥ ይከተዋል። ከደረቀ በኋላ ለዝናብ የሚሆነውን ወፍራም የሰንሰለት ዘይት እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ አድርገው ትርፉን ይጥረጉ።

መቀየሪያ ጊዜውን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። ከአንድ ፒን (መጋጠሚያውን ከሚይዘው ትንሽ ዘንግ) መሃል ተነስተው፣ እሱን ሳይቆጥሩ፣ እስከ 24ኛው ፒን መሃል ድረስ አዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.4 ሲደርስ ይቀይሩት። 308 እስኪሆን ከጠበቁ የኋላ ጥርሱንም አብረው ይገዛሉ።

ጋቢ ከውስጥ ብጠቀለልስ?

ጥጥ ላብ ይጠጣና ርጥቡን ሰውነት ላይ ይዞት ይቀራል። ከሥር ሱፍ ወይም ስፖርት ልብስ ይልበሱ። ጋቢው ቤት ሲመለሱ ይጠብቅዎ። ጫፉ ሰንሰለት ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ነገር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

ጉንጬ ላይ ግራጫ ነገር ወጣ፤ በበረዶ እሺው ተባልኩ

አታሺው። በበረዶም በእጅም። የደነዘዘ ቆዳ ሲታሽ ይቆስላል።

ነጮች ላይ የብርድ ቃጠሎ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በእኛ ቆዳ ላይ አመድማ፣ ሰም የመሰለ ሆኖ ስለሚመጣ መስተዋት ላይ ሳይታወቅ ያልፋል። ስለዚህ በዓይን አትመኚ፤ መለኪያው ስሜት ነው። ሲያቃጥል የነበረው ጣት ማቃጠሉን ካቆመ ተሽሎት አይደለም። በአሜሪካና በእንግሊዝ ወታደሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች በብርድ የመጎዳት ዕድላቸው ከነጮቹ ብዙ እጥፍ እንደሆነ አሳይተዋል፤ ነጭ የሥራ ባልደረባሽ በስስ ጓንት መንዳቱ ለአንቺ መለኪያ አይሆንም። የራስሽ ፍጥነትም ነፋስ ነው፦ ከዜሮ በታች 10 ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነጂ ፊትሽ የሚያገኘው ብርድ ከዜሮ በታች እንደ 18 ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ላይ ደግሞ እንደ 30።

መሪው ላይ የሚታሰር እጅ ማስገቢያ ከየትኛውም ጓንት ይሻላል። ጫማ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይሁን፤ በጠባብ ጫማ ሁለት ካልሲ መደረብ ደም ያግዳል።

ከደነዘዘ፦ ጉንጭን በመዳፍ፣ ጣትን ብብት ውስጥ። ቤት ከደረስሽና ተመልሰሽ የማትወጪ ከሆነ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ንከሪ፤ ውሃውን በክርንሽ ለኪው፣ የደነዘዘው ጣት ሙቀት አያውቅም። ማሞቂያ ላይ አይጠጋም። ግማሽ ሰዓት ሞቆ ስሜቱ ካልተመለሰ፣ ከጠጠረ ወይም ውሃ ከቋጠረ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ነገ እንይ አይባልም። ጣት የሚያተርፈው የደም መርጋት ማሟሚያ መድኃኒት የሚጠቅመው ከሞቀ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ቁልፉ ረግቶ አልከፈት አለ

ሙቅ ውሃ አያፍሱበት፤ ተመልሶ ይረጋል። ቁልፉን በእጅዎ አሙቀው ደጋግመው ያስገቡ። ለወደፊቱ በመኸር ቀጭን ዘይት ጠብ ያድርጉበትና ሲቆልፉ ቀዳዳው ወደ ታች ይዙር።