ድንገት ለሚጠወልግ ቲማቲም ግራፊን መርጨት ይበጃልን?

ጥያቄ፦ ቲማቲሜ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ለምለም እንደሆነ ጠውልጎ ይደርቅብኛል። ውኃ ብጨምርለትም አልተመለሰም፤ የነቀልኩትን ከቦዩ ዳር ጥያለሁ። ግራፊን የሚባል ባክቴሪያ የሚገድል ነገር መኖሩን ሰምቻለሁና ብረጨው ያድንልኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ አጭር ቢሆንም ተክሉ ቢጫ ሳይሆን መጠውለጉና ውኃ ሲያገኝ አለመመለሱ ብዙ ይናገራል። ጥም ቢሆን ኖሮ ካጠጡት በኋላ ይቃና ነበር፤ ፈንገስ የሚያመጣው መጠውለግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የታችኛውን ቅጠል ቢጫ በማድረግ ይጀምራል። ስለዚህ ራልስቶኒያ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣው የባክቴሪያ አጠውልግ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ ከግንዱ ግርጌ አጭር ቁራጭ ቆርጠው ጫፉን የጠራ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥለው ይያዙት፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ በሽታው እርሱ ነው።

የሰሙት ነገር መሠረት አለው። ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ሲሆን፣ ከእርሱ ዘር የሆነው ግራፊን ኦክሳይድ የባክቴሪያን ሽፋን በስለታም ጠርዙ እየጎዳ እንደሚገድል በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ከተሞከረባቸውም አንዱ ይኸው ራልስቶኒያ ነው። ነገር ግን በሙከራው ባክቴሪያው በፈሳሽ ውስጥ ከንጣፉ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ፣ በእርስዎ ማሳ ግን ግንዱ ውስጥ በሚገኙት የውኃ መተላለፊያዎች ተሸሽጎ፣ በሚያመነጨው ዝልግልግ ነገር እየደፈናቸው ይኖራል። ቅጠል ላይ የተረጨው እዚያ አይደርስም፤ አፈር ላይ የፈሰሰውም ከብስባሹ ጋር እየተጣበቀ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ገንዘብዎን አያውጡበት።

የሚያዋጣው የታመመውን ተክል ወዲያውኑ ከማሳው ማውጣት ነው። ገና መጠውለግ ሲጀምር፣ ሥሩን ሳያራግፉ፣ ዙሪያውን ካለው አፈር ጋር ቆፍረው በባልዲ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ያውጡትና ከውኃ ርቆ በጥልቅ ይቅበሩት። ተክሉ በተነቀለበት ጉድጓድ በኩል የሚያልፈውን ቦይ በአፈር ይድፈኑ፤ ባክቴሪያው ከተክል ወደ ተክል በዋናነት የሚጓዘው በውኃና በአፈር ነውና። ኩትኳቶም ሥርን ስለሚያቆስልና ቁስሉ የባክቴሪያው መግቢያ ስለሚሆን፣ ሁልጊዜ ከጤነኛው መደብ ጀምረው በታመመው ይጨርሱ፤ ከዚያም ዶማውን ከጭቃ አጽድተው አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በተቀላቀለበት ይጠቡት።

እዚህ ላይ ሳልገሥጽ አላልፍም፦ የታመመ ተክል ነቅሎ ቦይ ዳር መጣል በብዙ ማሳ የማየው ልማድ ነው። ያ ቦይ ለታችኛው መደብ፣ ከዚያም ለጎረቤት ማሳ በሽታውን ያደርሳልና የጣሉትን ዛሬውኑ ሰብስበው ይቅበሩት። ለጠወለገው ውኃ መጨመሩንም ይተዉ፤ ረግረግ ያለ ሞቃት አፈር ለባክቴሪያው ይመቸዋል።

በዚያ መሬት ላይ ቢያንስ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያም ሆነ ደበርጃን አይትከሉ፤ በቆሎ ወይም ሌላ የብርዕ ሰብል ይዝሩበት። በመካከሉ ራሳቸው የበቀሉ የቲማቲምና የድንች ችግኞች ባክቴሪያውን ስለሚያቆዩት እንደታዩ ይንቀሏቸው።