ጠያቂና መላሽ፦ የጋራዥ እጣቢ ቦርከና እንዳይደርስ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ አነስተኛ ጋራዥ አለኝ። በቀን እስከ ስድስት መኪና እናጥባለን፣ የሞተር ዘይትም እንቀይራለን። እጣቢው በቦዩ አድርጎ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ጎረቤቶች ተቆጥተዋል፤ እውነትም አላቸው። ውድ ማሽን ሳልገዛ ምን ላድርግ?
የጋራዥ ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሩ፤ የሚያስፈልግዎ ብሎኬት፣ ሲሚንቶና ጥቂት የፒቪሲ ቱቦ ነው። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል፣ ውሃው ረግቶ ከቆየ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል።

ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ፣ የውስጡ ልክ 2 ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነና ውሃው 1 ሜትር የሚጠልቅበት ጉድጓድ ያስገንቡ፤ እንዳያሰርግም በደንብ ይለሰን። በሁለት ግድግዳ ለሦስት ይከፈል፦ አሸዋና ጭቃ የሚዘቅጥበት የመጀመሪያው ክፍል 1 ሜትር ያህል፣ ሁለቱ ግማሽ ግማሽ ሜትር። 1,600 ሊትር ገደማ ይይዛል። የማጠቢያው ጎማ በደቂቃ 15 ሊትር ቢያፈስ በሰዓት 900 ሊትር ነውና፣ ውሃው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይቆያል። ለዘይቱ ይህ ይበቃዋል።

ቁም ነገሩ ቱቦው ላይ ነው። ውሃው በግድግዳው አናት ፈስሶ ከተሻገረ ዘይቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በየግድግዳውና በመውጫው 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ አሳልፈው፣ ውሃው በሚገባበት በኩል ቲ (ሦስት አፍ ያለው የቱቦ ማያያዣ) ይግጠሙ። የቲው የታች እግር ከወለሉ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁም፣ የላይኛው አፉ ከውሃው በላይ ክፍት ይሁን። በቲ ፈንታ ጎሚቶ (ሁለት አፍ ብቻ ያለው የቱቦ ማጠፊያ) ከተገጠመ ቱቦው ውሃውን መሳብ ይጀምርና ደረጃው ወርዶ ዘይቱ ይከተላል። ሥራ ሳይጀመር ጉድጓዱን በንጹህ ውሃ ይሙሉት፤ ባዶ ከሆነ የመጀመሪያው ዘይት በታች ሾልኮ ያልፋል።

እንዲህ ተሠርቶም ብዙ ጊዜ የሚያከሽፈው ሳሙና ነው። የዱቄት ሳሙና ዘይቱን ዓይን ወደማያየው ጠብታ ይበትነዋል፤ ያኔ ውሃው ወተት መስሎ ሁሉንም ክፍል አልፎ ይሄዳል። ሞተሩና ወለሉ መጀመሪያ በሰጋቱራና በጨርቅ ይጠረግ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ይታጠብ። ሁለተኛው ጠላት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው፤ የጣሪያ ውሃ እዚያ ከገባ የተጠራቀመውን ጠርጎ ያወጣዋል። ጉድጓዱ ይከደን፣ አሸንዳው ወደ ሌላ ቦይ ይዙር። በየሳምንቱ ዘይቱን በጣሳ ይግፈፉ፤ ጭቃውንም በዱላ እየለኩ 25 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ያስወጡ። ይህ ጭቃ ዘይት የጠጣ ስለሆነ ማሳ ላይ አይደፋም።

የተቃጠለው ዘይት ክዳን ባለው በርሜል ለብቻው ይቀመጥ። የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ ወይም ቤንዚን ከገባበት መልሶ ለማጣራት አይመችም። አሮጌውን ፊልትሮ ትኩስ እንዳለ አናቱን ይብሱና 12 ሰዓት ደፍተው ያንጠፍጥፉት። የተቃጠለውን ዘይት ለምስጥ ብለው አፈር ላይ አያፍስሱት፣ ለዳቦ መጋገሪያ ማገዶም አይስጡ፤ ከሞተሩ የተፋቀ ብረት በውስጡ አለ፣ ሲነድም በጭሱ ይወጣል። ከኮምቦልቻ በታች፣ ጨፋ በሚባለው ረግረግ ከብት ይህንኑ የቦርከና ውሃ ይጠጣል።

ጥያቄ፦ የደሴው ቢሯችን መብራት በጠፋ ቁጥር ለአምስት ላፕቶፕና ለስድስት አምፖል የናፍጣ ጄኔሬተር ያስነሳል። ሌላ መላ አለ?
የቢሮ ሠራተኛ፣ ከደሴ

መልስ፦ አለ፤ መብራት ሲኖር የሚሞላ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ለቢሮ ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር ኢንቨርተር ነው። መጀመር ያለብዎም ከዚሁ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚገኝ፣ የቢሮዎ ትልቁ ጭስ ጄኔሬተሩ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ትልቅ ጄኔሬተር በትንሽ ጭነት ሲሠራ ደግሞ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ሞተሩን ያጠቁረዋል።

ላፕቶፖቹ እያንዳንዳቸው 50 ዋት፣ አምፖሎቹ እያንዳንዳቸው 10 ዋት ቢሆኑና 10 ዋት ለኢንተርኔቱ ቢጨመር 320 ዋት ነው፤ ለአራት ሰዓት 1,280 ዋት ሰዓት። ባለ 12 ቮልት፣ 150 አምፒር ሰዓት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች 3,600 ይይዛሉ። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ስለሚሞት 1,800 ብቻ ይቁጠሩ፤ ኢንቨርተሩ 15 በመቶ ቢበላ 1,530 ይቀራል። ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተርና የሻይ ማፍያ ግን እዚህ መስመር ላይ አይሰኩ። ባትሪዎቹ ሲሞሉ የሚነድ ጋዝ ስለሚያወጡ አየር በሚገባበት ቦታ ይቀመጡ፤ ውሃቸው ሲጎድልም የቧንቧ ሳይሆን የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨመር።