ግጥም መማር ይቻላል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ግጥም ትምህርት ቤት ገብቼ ልማር ወይስ ዝም ብዬ ልጻፍ? የምጽፈው ሁሉ ‹እንባ› ካልሁ ‹አበባ› እያለ ቤት ከመምታት አያልፍም» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ብዙ ዓመት እዚያው ላይ ቆሜ ነበር።

ለገሃር አካባቢ በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ በወጣትነታቸው ጎጃም ቅኔ የቆጠሩ አዛውንት ነበሩ። ሁላችንም የኔታ እንላቸው ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የጻፍሁትን አነበብሁላቸው፦

ፒያሳ ላይ ቆሜ ተራ ስጠባበቅ፣
ጨረቃዋ ወጣች ሰማዩን ልታደምቅ።

«ስንት ሰዓት ነበር?» አሉኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እንደነበር ነገርኋቸው። «እንግዲያ ጨረቃዋን ያወጣት ‹ቅ› ነው» ብለው ወደ ፋይላቸው ተመለሱ። አኮረፍሁ። ሳምንት ሙሉ በዚያ ኮሪደር አላለፍሁም።

ኩርፊያው ሲበርድልኝ ምት ያስቆጥሩኝ ጀመር፤ በጣታቸው ጠረጴዛ እየመቱ። «ፒያሳ ላይ ቆሜ» ፊደሉ 7 ነው፤ ምቱ ግን 6። «ላይ» ውስጥ ያለችው ሳድስ ድምፅዋ ስለሚዋጥ ከ«ላ» ጋር አንድ ትሆናለች። ስንኙ ለሁለት ተከፍሎ በየክፍሉ 6 ምት ሲኖረው፣ 6 ለ6 ሲሆን፣ የወል ቤት ይባላል፤ 8 ለ8 የሚሄደው ደግሞ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም ጸጋዬ ቤት እየተባለ ይጠራል። አንቺ በወል ቤት ጀምሪ፤ ጆሮሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ያውቀዋል። ፊደል ሳይሆን ድምፅ ቁጠሪ።

የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ጉባኤ ቃና በሚባለው የቅኔ ዓይነት ነው፤ ሁለት ስንኝ ብቻ። ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለት ይደርሳል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል። እኔም በአማርኛ እንደዚያው አደረግሁ፦ ለወራት በቀን ሁለት ስንኝ፣ ከዚያ በላይ የለም። ከመጻፌ በፊት ያየሁትን በተራ ዐረፍተ ነገር አሰፍራለሁ፤ በዚያ ውስጥ የሌለ ነገር ለቤት መምቻ ተብሎ አይገባም። የፒያሳውን እንደገና ስጽፈው ጨረቃዋ ተሰርዛ ይህ መጣ፦

ፒያሳ ላይ ቆሜ ተራ ስጠባበቅ፣
የታክሲ ሳንቲሜ በላቤ ሲጠመቅ፣

ቤቱ ያው «ቅ» ነው። ሳንቲሙ ግን በእጄ ነበር። ዐረፍተ ነገሩም ስላልተዘጋ ሦስተኛ ስንኝ ይጠይቃል፤ የፊተኛው ግን ጨረቃዋ ላይ አልቆ ነበር።

ስለ ትምህርት ቤቱ፦ ስድስት ኪሎ ሥነ ጽሑፍ መማር ጠቃሚ ነው፤ የሌላውን ሥራ ማንበብና መተንተን ያስተምርሻል። የራስሽን ስንኝ በየቀኑ የሚያርምልሽ ሰው ግን ራስሽ መፈለግ አለብሽ። መድረክም ብዙ አትመኚ። ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲቀርብ እየሄድሁ አዳምጥ ነበር፤ በኋላ ሌላ ትንሽ መድረክ ላይ እኔም አነበብሁ። ጭብጨባው የመጣው ከሁሉ ደካማ በሆነው፣ ቤቱ በሚጮኸው ስንኝ ላይ ነበር። ያ ጭብጨባ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መልሶኛል።

የጻፍሽውን አራት ስንኝ እዚህ ለጥፊው፤ ምቱን አብረን እንቆጥራለን። «እንባ»ና «አበባ» ግን ከመለጠፍሽ በፊት ይውጡ።